ባሉጥ ላይ የተቀረጸው ስም

ጉንዲ ቲልማንን ያወቀችው ልትሰድበው ሄዳ ነው።

ዐሥራ ስምንት ሺህ ሊትር ወተት የጫነ ቦቴ እየነዳች በአንድ የጀርመን መንደር በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ስትታጠፍ፣ አንዲት አሮጌ ቀይ መኪና የመንገዱን ግማሽ ይዛ ቆማለች። ክላክስ አደረገች። የመለሰላት ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የመጣ የኦርጋን ድምፅ ነው፤ እንደታመመ በሬ የሚጎተት አንድ ድምፅ። ደግማ ክላክስ አደረገች። ኦርጋኑም ደገመ።

ወርዳ በሩን በርግዳ ገባች።

«የማናት ይቺ ቆርቆሮ?»

ከኦርጋኑ ቧንቧዎች መሃል የኦርጋን ቃኚው የቲልማን አቧራ የለበሰ ራስ ብቅ አለ። «የኔ ናት። ክላክስሽን ግን እየሰማሁት ነበር፤ ትንሽ ይወርዳል።»

«ምኑ ነው የሚወርደው?»

«ቅኝቱ።»

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ ስድስት ገበሬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አሁኑኑ ካላነሣሃት በላይዋ ላይ ነው የማልፈው!»

ሰውዬው አልተቆጣም። እጁን በሱሪው እየጠረገ ወረደና አያት። ሲያይ የሚያዳምጥ ይመስላል። የጉንዲ ንዴት ለአፍታ የሚያርፍበት ቦታ አጣ፤ ይህም ይበልጥ አናደዳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀዩዋ መኪና መንገዱን አልያዘችም። ጉንዲ ግን ክላክስ አደረገች።

ሙሉ ስሟን የነገረችው በተዋወቁ በአራተኛው ወር ነው። «ሂልደጉንድ» አለችው፣ የተበላ ጥርሱን እንደሚያሳይ ሰው።

ቲልማን ሳቀ። «በጥንቱ ጀርመንኛ ‹ሂልድ› ጦርነት ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ‹ጉንድ›ም ጦርነት ነው። አንዱ አልበቃቸውም!»

«ታዲያ በየትኛው ልዝመትብህ?» አለችው። ከዚያ ሳመችው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በአባቷ በሎታር ቤት ግን መልአኩን የጠየቀው የለም። የቤቱ የመጀመሪያ ሴት ልጅ ሂልደጉንድ ናት፤ አለቀ። ሳሎኑ ውስጥ ከባሉጥ እንጨት የተሠራ የሚወዛወዝ የሕፃን አልጋ አለ። ራስጌው ላይ ስሙ አምስት ጊዜ ተቀርጿል፤ በ1698፣ በ1742፣ በ1801፣ ቀጥሎ በ1936 አያቷ፣ በመጨረሻ በ1993 ራሷ። በመሃል የተዘለለው መቶ ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ሎታር እንደሚለው፣ ወንድ ብቻ የተወለደበት ዘመን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣቱን በፊደሎቹ ላይ ያስኬዳል። ጉንዲ ልጅ ሆና ጉልበቷ ተልጦ ስትመጣ እንኳ «ሂልደጉንድ አታለቅስም» ነበር የሚላት። እሷን ትቶ አልጋውን የሚያናግር ይመስላት ነበር።

ስለዚህ አርግዛ፣ ጽንሱም ሴት መሆኑ ሲታወቅ፣ ቲልማንን አስቀምጣ ነገረችው።

«ልጄ ያንን ስም አትሸከምም። የሠርጋችን ኬክም፣ ሙዚቃውም፣ እናትህ የምትጠራቸው አርባ ዘመዶችም እንደፈለግህ ይሁኑ። ይሄ ግን የኔ ነው።»

«እሺ» አለ ቲልማን። ቲልማን እሺ ማለት ይወዳል። ጉዱም የመጣው ከዚያው ነው።

የሠርጉ ዋዜማ ዓርብ ነበር። ዐሥር ሰዓት ላይ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የተሰነጠቀ ሳህኑን፣ እጀታ የሌለው ስኒውን፣ አማቱ የሰጡትን አስቀያሚ የአበባ ማስቀመጫ ሳይቀር ይዞ የሎታርን ግቢ ሞላው። በዋዜማ ሸክላ በሙሽሮቹ ደጃፍ ይሰበራል፤ ስብርባሪውን ሁለቱ አብረው ይጠርጋሉ፤ ሌላ ሰው መጥረጊያ አይነካም። ፖስተኛው የሽንት ቤት መቀመጫ በጋሪ አምጥቶ በጭብጨባ መካከል ከሰከሰው።

ያኔ ሎታር አልጋውን ታቅፎ ከቤት ወጣ።

«ጸጥታ!» አለና ራስጌውን ወደ ሕዝቡ አዞረው። ከ1993 በታች ነጭ፣ ትኩስ ቅርጽ ይታያል፤ ሂልደጉንድ፣ 2022። «ስድስተኛዋ! አማቼ ቲልማን ቃሉን ሰጥቶኛል። ወንድ ማለት እንዲህ ነው!»

ግቢው አጨበጨበ። ጉንዲ ወደ ቲልማን ዞረች። ቲልማን ጫማውን ያያል።

«ሰጥተኸዋል?»

«ጉንዲዬ፣ ኋላ እናውራ...»

«ቃል ሰጥተኸዋል ወይ ነው የምልህ!»

«ካልሆነ ሠርጉ ላይ አልገኝም ብሎ ነበር። አንቺ ደግሞ አባቴ ይቀራል ብለሽ ስታለቅሺ አየሁሽ። እስክትወለድ ይረሳዋል ብዬ... ስም እኮ ነው። ስም ብቻ።»

«ስም ብቻ!» ከአጠገቧ ካለው ሰው እጅ ሳህን መንትፋ ቲልማን እግር ሥር ከሰከሰችው። «በኔ አፍ እሺ እንድትል ማን ፈቀደልህ?» ሌላ ሳህን። «አንድ ነገር! አንድ ነገር ብቻ ነው የኔ ነው ያልኩህ!» የሾርባ ጎድጓዳ። የፖስተኛው ሚስት በትሕትና ታቀብላታለች፤ እንዲህ ያለ የደመቀ ዋዜማ ካገባች ጀምሮ አላየችም።

«ነገ ሠርግ የለም» አለች ጉንዲ።

ያኔ ሳህን ማቀበሉ ቆመ።

«ሂልደጉንድ!» ሎታር ጮኸ። «በሦስት መቶ ዓመት ፊት አታዋርጂኝ!»

«የምን ሦስት መቶ ዓመት?»

የተናገሩት አያቷ፣ ትልቋ ሂልደጉንድ ናቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቢራቸውን ይዘዋል።

«እማዬ፣ አንቺ አትድከሚ» አለ ሎታር።

«ዝም በል። ሰባት ዓመቴ ነበር። ናዚዎቹ ጥንታዊ ደም ያለው ቤት የቱ ነው እያሉ ከመንደር መንደር ሲዞሩ፣ አባቴ መሮ ይዞ ተቀመጠ። 1698 በለው፣ 1742 በለው፣ ሦስቱንም በአንድ ከሰዓት ቀረጻቸው። ከኔ ስም በላይ ቦታ ነበረዋ! ጥላሸትና ዘይት ቀባቸው፣ አረጁ። ፍቅፋቂውን የጠረግኩት እኔ ነኝ። የኔንም ስም ቢሆን ያገኘው የትምህርት ቤቱ መምህር ከሚያድለው የጥንት ጀርመን ስሞች ዝርዝር ላይ ነው። አያቴ ትሪና ነበር የምትባለው። ስሟን መጻፍ አትችልም ነበር፣ ምስኪን።»



«ለምን ሳትነግሪኝ ኖርሽ?» የሎታር ድምፅ እንደ ልጅ ቀጠነ።

«ደስ ሲልህ አየሁና እሺ ብዬ ኖርኩ።» አሮጊቷ ቲልማንን አዩት። «እሺ ባይ በዚህ ቤት ሞልቷል። ሌላ አያስፈልግም።»

ጉንዲ ንዴቷ ይበርዳል ብላ ነበር። ባሰባት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንባዋን የዋጠችው ለአንድ ከሰዓት የመሮ ሥራ ኖሯል!

ቲልማን ስብርባሪውን እየረገጠ ወደ ሎታር ሄደ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሎታር፣ ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ።»

«አሁን ምን ዋጋ አለው!» አለች ጉንዲ ከኋላው። «ውሸት መሆኑ ሲታወቅማ ማንም ይመልሳል!»

«እውነት ቢሆንም ኖሮ» አለ ቲልማን፣ ዓይኑን ከሎታር ሳይነቅል። «ሦስት ሺህ ዓመትም ቢሆን። የኔ ያልሆነውን ነው የሰጠሁዎት። ስለፈራሁዎት ነው የሰጠሁት። እርስዎ ነገ ባይመጡ፣ እሷም ባትመጣ፣ ቃሉ ተመልሷል።»

ሎታር አልጋውን እንደታቀፈ ወደ በረቱ ሄደ። ማንም አልተከተለውም።

ጉንዲ ቲልማንን ከጀርባው አየችው። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ፈሪ ነው። ፍርሃቱን ይዞ ግን ሄዷል። ግድግዳው ላይ ከተደገፉት ሁለት መጥረጊያዎች አንዱን አንሥታ ወረወረችለት፤ በደረቱ ቀለበው።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ጥረግ ማለት ነው።»

«ነገስ?»

«ነገ አራት ሰዓት ማዘጋጃ ቤት እመጣለሁ። ተናድጄ ነው ግን የምመጣው። ፎቶው ላይም ተናድጄ ነው የምወጣው።»

«እስከ መቼ?»

«የሽንት ቤቱን ስባሪ ከዚያ ጥግ ጀምር።»

ሁለቱ አብረው ጠረጉ። ጋሪው ሲሞላ እጀታውን በአንድ ጊዜ ያዙት፤ እሷም እጇን አላነሣችም።

በፎቶው ላይ በእርግጥ ተናድዳለች። ሎታር ከኋላ ቆሟል፤ ክራቫቱ ተጣሟል።

ልጅቷ በጥቅምት ተወለደች። በስሟ ላይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁ፤ ቲልማን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጉንዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው፣ አልጠላችውም። በዐሥረኛው ቀን ሎታር ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ማን አላችኋት?»

«ሊኔ» አለች ጉንዲ።

«ሊኔ።» በአፉ አገላበጠው። «ትርጉሙ ምንድን ነው?»

ጉንዲ ልትመልስ ስትል ቲልማን ቀደማት።

«ገና አልታወቀም» አለ። «እሷን ይጠብቁ።»

ሎታር ሕፃኗን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጉንዲም ከብርድ ልብሱ ሥር የባሏን እጅ ፈልጋ ያዘችው።