ማጭድ ተብሎ እንዲጠራ የተወሰነው መሣሪያ

«ለመካነ ሰላምና ለአካባቢዋ ጭቁን ሕዝብ በሙሉ! የጓሳ ሜዳ ገበሬዎች ማኅበር ኮሚቴ፣ ከደሴ ተጎትቶ የመጣው የሣር መቁረጫ መሣሪያ፣ አንዳንድ አድኃሪዎች እንደሚሉት ‹የሰይጣን አክንባሎ› ሳይሆን፣ ከዛሬ ጀምሮ ‹የሞተር ማጭድ› ተብሎ እንዲጠራ ሰፊ ውይይት ካደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ወስኗል! በሌላ ስም ሲጠራው የተገኘ በአብዮቱ ላይ እንዳላገጠ ይቆጠራል!»

ይህን ታሪካዊ ዐዋጅ በጥቅምት 1969 ዓ.ም. በቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ያነበበው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ካሳ ነበር። ማክሰኞ ማለዳ ያው ጉሮሮ በእርግጥ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ሬሳው ጓሳ ሜዳ ላይ፣ መሣሪያውን ከሚጎትተው ትራክተር እልፍ ብሎ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። አንገቱ እስከ አጥንቱ ተቆርጧል። ሁለቱም ቅልጥሞቹ ተተልትለዋል። ደሙ በሣሩ ሥር ወርዶ አፈሩን አጥቁሮታል፤ ቁራዎቹም የኮሚቴ ውሳኔ ሳይጠብቁ ሥራ ጀምረው ነበር።

ያገኘው የሜዳው ጠባቂ ብዙነህ ነው። ሲጮህ አገሩ ወጣ። ማጭድ የተባለ መሣሪያ ካለና የታረደ ሰው ካለ፣ ነጂው ገዳይ ለመሆኑ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ትራክተር ነጂውን አራጌን ከአረቄ ቤት ጎትተው አወጡት። በዱላ ጥርሱን አረገፉት፤ ቅንድቡን ፈነከቱት፤ ከራሱ ትራክተር የኋላ ጎማ ጋር በጠፍር አሰሩት። የወረዳው ካድሬ ጓድ አምባቸው ሽጉጡን እያሻሸ ከጎማው ላይ ቆመና አስታወቀ፦

«ይህ የሠራተኛ መደብ ከሐዲ፣ ፀሐይ ከአናት ሳትደርስ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሕዝቡ በዚያ ዘመን ለሁሉም ነገር ያጨበጭብ ነበር፤ እጁ ያለዚያ ሥራ አልነበረውም፤ በሬዎቹን ክፉው ቀን ጨርሷቸዋል።

ሃምሳ አለቃ ተክለ ሃይማኖት በበቅሎ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ከፖሊስነቱ በፊት ቅኔ ሊማር ጎጃም ተሻግሮ፣ መምህሩ «አንተ ቅኔውን ትተህ የባለቅኔውን ስሕተት ነው የምትፈልግ» ብለው ያባረሩት ቀጭን ሰው ነው። ከበቅሎው ሳይወርድ አራጌን አየው፤ ከዚያ ፀሐይዋን አየ።

«ጓድ፣ ፀሐይዋ ገና ናት። እስክትደርስ ልጠይቅ?»

«ምን ይጠየቃል? መሣሪያው ያው፣ ሬሳው ያው!»

«እንግዲያው አይጠፉብኝም» አለና ወረደ።

መጀመሪያ አራጌ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«መሣሪያውን ማን መረጠው?»

«እኔ ነኝ» አለ አራጌ ደም እየተፋ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ተደብድቦም ምላሱ አልታሰረም። «ደሴ ግምጃ ቤት ሁለት ነበሩ። አንዱ በጎኑ ረጅም መቀስ የተደረደረበት ነው፤ ለለጥ ያለ መስክ፣ ለለስላሳ ሣር የሚሆን። ሊቀ መንበሩ የመቀሱን ጥርስ አይቶ ወደደው። ‹ይሄ ሜዳ ድንጋይና ጉቶ ነው፤ ጥርሱ በመጀመሪያው ቀን ይረግፋል› አልኩት። በኋላ የረገፈው የእኔ ሆነ እንጂ።»

«ይኸኛውስ?»

«ይሄ ለሻካራ ሜዳ የተሠራ ነው። ከባድ ክዳን፣ ከክዳኑ ሥር የሚሽከረከሩ ሁለት ወፍራም ብረቶች። ድንጋይ ሲመታ ብረቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። በሰው ፊት ‹ሰነፍ› አለኝ፤ ‹ደንቆሮ› አልኩት። ጠባችን ይኸው ነው።»

«ትላንትስ?»

«ሳልቆርጥ በፊት ሜዳውን በእግሬ እዞራለሁ፤ ድንጋይ ካለበት እንጨት እተክላለሁ። እዚያ ጥግ ሦስት የድንጋይ ክምር አገኘሁ። ሊቀ መንበሩ ‹አፍርሰህ እለፍ› አለኝ። ‹ይሄ የሰው እጅ የካበው ነው፤ አልነካም› ብዬ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ማጭዱን መሬት አስቀምጬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄድኩ። ‹ሴት! እኔው አፈርሰዋለሁ!› ሲል ነው የተለየሁት። ሃምሳ አለቃ… ይገድሉኛል አይደል?»

«አብሽር» አለው ሃምሳ አለቃው። ከዚያ የበለጠ ቃል አልሰጠውም፤ ፀሐይዋ እየወጣች ነበር።

ወደ ሬሳው ሄዶ ተንበረከከ። የካሳ ጣቶች አፈር ለብሰዋል፤ ከቀኝ እጁ ሥር ድንጋይ አለ። ከሦስቱ ክምሮች አንዱ ግማሹ ፈርሷል። የቅልጥሞቹን ቁስል ገልጦ አየ፤ ሥጋው ተሰንጥቋል፣ አጥንቱ ደኅና ነው። ከዚያ ሣሩን አየ፤ ሣሩን ከሬሳው ይልቅ ረዘም አድርጎ አየው። በስተመጨረሻ ከትራክተሩ ኋላ ሄዶ፣ በሆዱ ተኝቶ እጁን ከክዳኑ ሥር ሰደደ።

«ምን ትሠራለህ?» አለ ካድሬው።

«ሰላም እያልኩት ነው።»

የሟች ሚስት ብርሀንነሽ ከሴቶቹ ተለይታ ተቀምጣለች። አንድ ዓይኗ አብጧል፤ ቀኝ ክንዷ በሸንበቆ ታስሯል።

«እግዜር ያጥናሽ። አለቀስሽ?»

«ጠዋት አልቅሻለሁ፣ ለጎረቤት ያህል።»

«ክንድሽን ምን አገኘው?»

«ባሌ አገኘው። እሑድ ለት። ወጌሻው ሲጠግነኝ ‹ደግሞ ቢመታሽ በዚህኛው አትከላከዪ› አለኝ። ጥሩ ምክር ነው።»

«ማታ ሳይመጣ ሲቀር አልፈለግሽውም?»

«ቤቱ ጸጥ ሲል ተኛሁ፣ ሃምሳ አለቃ። ስንት ጊዜዬ ከተኛሁ!»

ቄስ ወልደሩፋኤል ዓይናቸው ፈዟል፤ በመቋሚያ ነው የሚቆሙት። በሚካኤል ዕለት ሜዳው ላይ ሞተር ሲጮህ ካሳን አውግዘውት ነበርና፣ ስማቸው ከተጠርጣሪ አልቀረም።

«አባ፣ ረግመውታል አሉ።»

«ረግሜዋለሁ። እኔ ስረግም ግን ሰው ይወፍራል እንጂ አይሞትም፤ ባላባቱን ስንት ዓመት ረገምኩት!»

«እነዚያ የድንጋይ ክምሮች የምን ናቸው?»

ቄሱ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አሻሹ። «ያኔ በስልሳ አምስቱ ረሃብ ካሳ የባላባቱ ጎተራ ጠባቂ ነበር። ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይውላል። ሰው ከበሩ ላይ እየወደቀ እሱ ውስጥ ሆኖ ገብስ ይቆላ ነበር፤ ሽታው ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ጉልበት ያለው አልነበረም፤ የወደቀው እዚሁ ሜዳ ተቀበረ።»

«ክምሮቹ የማን ናቸው?»

«የሙት ስም በሜዳ አልጠራም፣ ልጄ። የዚህ አገር ሰው ሁሉ ከዚህ ሜዳ ሥር ዘመድ አለው።»

ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጨዋታ ለመለወጥ ያህል «ደቦ ስትወጡ እንግዲህ አጫጅ አታጡም?» አላቸው።

«ብዙነህን የመሰለ አለ! እሱ ሲያጭድ እሳት ነው። ብቻ ከሰልፉ ዳር ነው የምናቆመው፤ ግራኝ ነዋ! መሐል ከገባ ማጭዱ ካጠገቡ ሰው ማጭድ ይጋጫል። አንድ ጊዜ የእኔኑ ዲያቆን ጣት ሊያጭድብን!» ቄሱ ሣቁ፤ ሬሳው ትዝ ሲላቸው አማተቡ።

ብዙነህ ጋቢውን ተከናንቦ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሟል። ረጅም፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው ነው።

«አያ ብዙነህ፣ ሬሳውን ስታይ ምን መሰለህ?»

«ማጭዱ የበላው።»

«የቱ ማጭድ?»

«የሞተሩ ነዋ። ስለቱ እንደ ምላጭ ነው።»

«አይተኸዋል?»

«ማን አስጠግቶን? ኮሚቴው ከልክሎ የለም እንዴ? ማጭድ ነው አሉን፤ ማጭድ ደግሞ እናውቃለን።»

«ዘንድሮ የጓሳ ሣር አጭደሃል?»

«ሞተር መጥቶ ምን እጄን አደክማለሁ።»

ሃምሳ አለቃው አመሰገነው።

ጓድ አምባቸው ሽጉጡን አቀባበለ። «ፀሐይዋ ደርሳለች!»

«ደርሳለች። እንግዲህ ሁሉም ይሰብሰብ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ጅብ የጣለው አህያ ከወንዙ ዳር አይቻለሁ። ጭኑን አምጡልኝ። አራጌንም ፍቱት፤ እንዲነዳ ነው።»

«ሊያመልጥ?»

«በትራክተር? ጓድ፣ በእግርህ ትደርስበታለህ።»

የሣቀ ሰው ተገኘ፤ ካድሬው የሣቀውን ሲፈልግ አራጌ ተፈታ። ወጥቶ ሞተሩን አስነሣ። የአህያው ጭን ሣሩ መሐል ተጋደመ።

«ራቁ! ጠጠር ይወረውራል!» ብሎ ጮኸ አራጌ። ሕዝቡ ሸሸ። ካድሬው ግን አብዮተኛ ወደ ኋላ ስለማይል ባለበት ቆመ።

ክዳኑ ጭኑ ላይ ሲወጣ ሜዳው አገሣ። አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት ተንኳኳ፤ ሥጋ፣ ጠጉር፣ አፈርና ስብርባሪ በአንድነት ተበተነ። ሞተሩ ሲጠፋ ጭን የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተጨቀጨቀ ቀይ ጭቃ ነበር። የጓድ አምባቸው ካኪ ከኮሌታው እስከ ጉልበቱ በደም ተነቁጧል። ወደ ጎን ዞሮ አስታወከ፤ ማንም አላጨበጨበም።

«አሁን ካሳን እዩት» አለ ሃምሳ አለቃው። «ቅልጥሙ ተቆርጧል፤ አጥንቱ ግን ጭረት የለበትም። አንገቱ በአንድ ጉተታ የተቆረጠ ነው። የዚህ መሣሪያ ብረት እንደ አውራ ጣቴ ወፍራም ነው፤ እጄን ሰድጄ ዳስሼዋለሁ፣ ሽንኩርት አይልጥም። የሚሠራው በስለት አይደለም፤ በፍጥነቱ ይቀጠቅጣል። ገዳዩ ይህን አላወቀም። ማጭድ ነው ተባለ፤ እሱም ስሙን አመነ። የማጭድ ሥራ እንዲመስል ብሎ ሬሳውን ቅልጥሙ ላይ በማጭድ ተለተለው። ስም ያወጣው ኮሚቴ ነው፤ ስሙ ሰው አጋለጠ።»

«ነጂው በእጅ ማጭድ ገድሎትስ እንደሆነ?» አለ ካድሬው አፉን እየጠረገ።

«ነጂው መሣሪያውን ያውቀዋል። በሱ ሊያሳብብ ቢፈልግ አጥንቱን በድንጋይ ያደቅቅ ነበር። ደግሞ ወዲህ ኑ፤ ሣሩን አትርገጡ።»

ሕዝቡ ተከተለው።

«ካሳ የሞተው ሞተሩ ካልደረሰበት ሣር ውስጥ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያፈርስ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ከትራክተሩ እስከ ሬሳው ያለውን ሣር ማጨድ ነበረበት፤ ሞተሩ ደረሰበት እንዲባል። ሞተሩ የቆረጠውን እዩ፤ የተበጣጠሰ ነው፣ ራስና ግርጌው አይታወቅም። ይሄኛውን ደግሞ እዩ።»

ሁሉም አጎነበሰ። ከሬሳው አጠገብ ያለው ሣር በጭብጥ በጭብጥ ተጋድሟል፤ ራሱ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ዞሯል፣ ነዶ ለማሰር እንደተዘጋጀ።

«ሰው ገድሎ፣ በድንግዝግዝ፣ ልቡ እየመታ፣ ሣር አስተካክሎ የሚያጋድም ማን ነው? አጫጅ ነው። ልቡ ቢሸበር እጁ ልማዱን አይረሳም። አራጌ ሣር ጨብጦ አያውቅም። ብርሀንነሽ እጇ ተሰብሯል። አባ ሣሩንና ሬሳውን የሚለይ ዓይን የላቸውም። እንግዲህ አንድ ነገር ቀረ። አጫጅ በግራው ጨብጦ በቀኙ ይቆርጣል፤ የቆረጠውን በግራው በኩል ያጋድማል። ይህ ሣር ግን በቀኝ ነው የተጋደመ። ከደቦ ሰልፍ ዳር የሚቆም ሰው ያጨደው ነው።»

ማንም ስም አልጠራም። ዓይን ሁሉ ግን ወደ አንድ ሰው ሄደ፤ ከዚያ ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ብዙነህ ጋቢውን ገለጠ። ማጭዱ በግራ እጁ ነበር። ሴቶች ጮኹ፤ ካድሬው ሲያስታውክ ወድቆበት የነበረውን ሽጉጥ ፈለገ። ብዙነህ ግን ማጭዱን ከሬሳው አጠገብ ጣለው።

«አራጌ ንጹሕ ነው። እኔ ነኝ።»

ጓድ አምባቸው ሽጉጡን አገኘው። «እንግዲያው እርምጃው በሱ ላይ ይወሰዳል! አሁኑኑ!»

ሃምሳ አለቃው አፈሙዙና ብዙነህ መሐል ገብቶ ቆመ። «አንድ ጊዜ ተሳስተሃል፣ ጓድ። ሁለተኛውን ደሴ ያለ ዳኛ ይሳሳትልህ።» ሕዝቡ ወደ ሃምሳ አለቃው ጀርባ ተጠጋ፤ አንድ ሁለት ሦስት እያለ ብዙ ሆነ። ሽጉጡ ወደ አፎቱ ተመለሰ።

አራጌ ከትራክተሩ ወረደና የተፈነከተ ፊቱን ይዞ ብዙነህ ፊት ቆመ። «አያ ብዙነህ፣ ሲቀጠቅጡኝ ቆመህ አየህ?»

«አየሁ።»

«ሊገድሉኝ እንደሆነ ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

አራጌ ሊመታው እጁን አነሣ፤ ሳይመታው ቀረና ዞሮ ደሙን ተፋ።

ሃምሳ አለቃው የብዙነህን እጅ በዚያው አራጌ በታሰረበት ጠፍር እያሰረ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክምሮቹ የሚስትህና የልጆችህ እንደሆኑ እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ግን ማንም ደሴ ወርዶ አይመሰክርልህም፤ ዳኛ የሚሰማው ካንተ አፍ የወጣውን ነው። ተናገርና ከሞት ፍርድ ትተርፋለህ። ለምን ገደልከው?»

ብዙነህ እጁን ለጠፍሩ አመቻቸለት።

«ገደልኩት፤ ይኸው ነው።»

«ለምን?»

«አልናገርም። የነሱን ስም ከሱ ስም ጋር አላስጽፍም።»