ሂተሩ «ሚሚ» ብሎ የጠራኝ ቀን

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ርዕስ የምቀይር ሰው ነኝ። ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርሲንግ አሲስታንት ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፣ እዚያ ደግሞ አንዱ አዛውንት ከሞተች ሚስቱ ጋር ምሳ በልቶ ይጠብቀኛል፣ ሌላዋ መስኮቱ ላይ እናቷን ታያለች፣ እኔ እሺ እሺ እያልኩ ትራሳቸውን አስተካክልና ለነርሷ ሪፖርት አድርጌ ወደሚቀጥለው ክፍል እሄዳለሁ። አልፈራም፣ አላምንምም። አሁን የምነግራችሁን ነገር ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ፣ እመኑኝ፣ ሻይ ላምጣላችሁ ብዬ ከመሀል እነሳ ነበር።

ነገሩ የመጣው በቬኬሽን ሰበብ ነው። አባቴ ሴንት ፖል ከኛ ጋር መኖር ከጀመረ ቆይቷል፣ እናቴ እዚሁ ካረፈች ወዲህ ግን ዝም አለ፣ ታሞ አይደለም፣ ይበላል፣ ዜና ያያል፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ብቻ ወሬው አለቀ። ድሮ እኮ እሱ ባለበት ቤት ሌላ ሰው የመናገር ተራ አይደርሰውም ነበር። በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር፣ እኔም የተወለድኩት ምፅዋ ነው። ምፅዋን ያላየ ሰው ሙቀት አየሁ ባይል ይሻለዋል፣ ቤት ውስጥ መተኛት ስለማይቻል ሰፈሩ ሁሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነበር የሚተኛው፣ ከአልጋ አልጋ ወሬ እየተቀባበልን፣ ኮከብ እያየን እንቅልፍ ይወስደናል። እናቴ የአባዬን ነጭ ዩኒፎርም በስታርች ነክራ ስትተኩሰው ሰው ሳይለብሰው ራሱን ችሎ የሚቆም ይመስል ነበር። መርከብ ሊገባ ሲል ደግሞ እኛ ልጆቹ ጫማችንን ጥለን ወደ ወደቡ አጥር እንሮጣለን፣ አባቶቻችን ሁሉም ነጭ ለብሰው ስለሚሰለፉ ከሩቅ የትኛው የማን አባት እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ እኔ ግን የራሴን በአቋቋሙ አውቀው ነበር።

ልጄ ሊያ ኮሌጅ ልትጨርስ ነው፣ አያቷን በጣም ትወደዋለች፣ እሱ በአማርኛ ይጠይቃታል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስለታለች፣ እንደዚያም ሆኖ ይግባባሉ። እሷ ናት አንድ ቀን ድንገት ተነስታ ለምን አላስካ ክሩዝ አንወስደውም ያለችው። ከቫንኩቨር ተነስተን በበረዶ ተራሮች መሀል ወደ ሰሜን፣ ዓሣ ነባሪ እያየን፣ ከዚያ ከመርከብ ወርደን ጣራው መስታወት በሆነ ባቡር ወደ ዴናሊ፣ ጫካ ውስጥ ሎጅ፣ ድብ፣ አጋዘን፣ የማይመሽ ቀን። እኔና ባለቤቴ ጌታሁን በሐሳቡ ተደሰትን፣ አባዬ ግን «ባሕር ይበቃኛል፣ የድርሻዬን አይቻለሁ» ብሎ ዘጋው። ሳምንታት ለመንነው። ሊያ ቪዲዮ ታሳየዋለች፣ ካርታ ትዘረጋለታለች፣ እሱ አንገቱን ነቅነቅ ያደርግና ወደ መስኮቱ ይዞራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ያሳሰበኝ ጉዞው አልነበረም፣ ለመርከብ እንኳ ልቡ ካልተነሳ ለምን ይነሳል ብዬ ነው የፈራሁት።

ያ ቀን እሁድ ነበር፣ ጃንዋሪ ላይ፣ መኪና አስነስቶ መውጣት ራሱ ሥራ የሚሆንበት ዓይነት ብርድ፣ ገና ከሰዓት ነው ግን ብርሃኑ መደብዘዝ ጀምሯል፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባቡሩ ሲያልፍ በበረዶው ምክንያት ድምፁ ታፍኖ ነው የሚሰማው። ጌታሁን ሺፍት ላይ ነበር። የጉዞ ወኪሏ ሁለት ክፍል ይዛልን ነበር፣ አንዱ ለኔና ለጌታሁን፣ ሌላው ለሊያና ለአያቷ፣ ሳይመሽ ደውላ ቁርጡን ልትጠይቀን ነው፣ አባዬ እምቢ ካለ ሁሉንም ልንተወው ተስማምተናል፣ ያለሱ ምን ትርጉም አለው። ሊያ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ የመርከቡን ፎቅ በፎቅ ንድፍ ከፍታ፣ ይሄ መስኮት አለው፣ ያኛው ባልኮኒ አለው እያለች ታሳየኛለች። አባዬ ሂተሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ ነው፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ። ሕንፃችን የድሮ ነው፣ ሂተሩም ግድግዳው ሥር የተተከለ ትልቅ ብረት፣ ፍል ውኃ ሲሄድበት ይንኳኳል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሰማው ነው፣ ለኛ እንደ ሰዓት ድምፅ ነው፣ ከለመድነው ቆየን።

ኳ፣ ኳ ማለት ጀመረ። ልብ አላልኩትም። ቆይቼ ግን የአባዬ ጣት የወንበሩን መደገፊያ ሲመታ አየሁ፣ ሂተሩ ሲመታ ይመታል፣ ሲያቆም ያቆማል። አንገቱን ወደ ብረቱ ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ፣ በልጅነቴ አንድ ቀን ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ይዞኝ ገብቶ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ የተቀመጠው እንደዚያ ነበር።

«ማነው?» አለ በቀስታ።

ማን ማነው አልኩት። የሚመታው አለኝ። ሂተሩ ነው፣ አየር ገብቶበት ይሆናል አልኩት፣ እጁን አንስቶ ዝም በይ አለኝ። ከዚያ ማንኪያ ስጡኝ አለ። ሊያ ግራ እየገባት ከሻይዋ ውስጥ ማንኪያዋን አውጥታ ሰጠችው፣ ጎንበስ ብሎ ብረቱን መታው፣ ፈጠን ፈጠን እያደረገ፣ አንዳንዱን ከበድ፣ አንዳንዱን ቀለል። እጁን እያየሁ ነበር። ያ እጅ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እስኪያቅተው የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የምቆልፍለት እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜ ግን አልተንቀጠቀጠም።

አቆመ።  ከዚያ ሂተሩ መለሰ። መለሰ ነው የምላችሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ጎረቤት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፣ ታች ያለ ሰው በኛ ድምፅ ተናዶ ቧንቧውን እየደበደበ ይሆናል፣ እንደዚያ ብዬ ራሴን ሳረጋጋ አባዬ ዓይኑን ገልጦ አየኝ፣ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል፣ የወጣት።

«ሰኢድ ነው» አለኝ።

ሰኢድ ማን መሰላችሁ፣ የወሎ ልጅ ነው፣ የኮምቦልቻ፣ ከአባዬ ጋር አብረው ሠልጥነው አብረው የተመረቁ፣ በኋላ እሱ የብስ ላይ ባለው ሬዲዮ ጣቢያ ተመደበ፣ አባዬ መርከብ ላይ፣ ስለዚህ ዓመታት ሙሉ ሲነጋገሩ የኖሩት በሞርስ ነው፣ እያንዳንዱን ፊደል በረጅምና በአጭር ምት እየላኩ። አባዬ ሲነግረን፣ የኦፕሬተር እጅ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፣ አንድ መስመር ሳይጨርስ ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ ይል ነበር። ጦርነቱ ምፅዋ ሲገባ እኔና እናቴ ቀድመን አዲስ አበባ ሄደናል፣ አባዬ ባሕር ላይ ነው፣ ሰኢድ ጣቢያው ውስጥ ነው። ሰኢድ መጨረሻ ላይ የላከው «ቆይ፣ አንዴ» የሚል ብቻ ነበር፣ በር ሲንኳኳበት ሰው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያስቀምጠው ዓይነት። አባዬ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላየውም፣ አባዬ አዲስ አበባ ጠየቀ፣ ወሎ ድረስ ወርዶ ቤተሰቡን ጠየቀ፣ እዚህም ከመጣ በኋላ ያገኘውን የድሮ ባሕረኛ ሁሉ ጠየቀ፣ አንድም የሚያውቅ የለም።

አባዬ እያዳመጠ፣ «አጠገብህ ማን አለ ይለኛል» አለ፣ ተመልሶም ብረቱን መታ። ምን እንዳለው አላውቅም። ሂተሩ እንደገና ጀመረ። ሁለት ከበድ ያሉ፣ ሁለት ቀለል ያሉ፣ እንደገና ሁለት ከበድ ያሉ፣ ሁለት ቀለል ያሉ።

እኔ ከሞርስ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው። ሰኢድ ቤታችን ሲመጣ በጋዜጣ የጠቀለለውን ዓሣ ለእናቴ ያቀብልና መዳፌን ይዞ በጣቱ እንዲህ እያደረገ ይመታው ነበር፣ ስምሽ ነው ይለኛል፣ እኔም በየጠረጴዛው፣ በየበሩ ስደበድበው እናቴ ትቆጣኛለች። ሚሚ ማለት ነው። እዚህ አገር ሰብለ ነኝ፣ ጌታሁንም ሰብለ ነው የሚለኝ፣ ሊያ ሚሚ እንደምባል እንኳ አታውቅም፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም፣ አባዬም ሰብልዬ ነው የሚለኝ።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ። «አቤት» አልኩ። ለብረት። ድምፄ ሲወጣ ነው ያወቅሁት፣ ሊያ ዞር ብላ አየችኝና ማም፣ አር ዩ ኦኬ አለችኝ፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ፍርሃት ግን አልነበረም፣ ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ደጅ ስጫወት ቆይቼ ወደ ቤት የተጠራሁ ዓይነት ስሜት ነበር።

እነሱ ቀጠሉ። አባዬ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ መሀል ላይ ሳቀ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ። በዚህ መሀል የሊያ ስልክ ጠራ፣ ወኪሏ ናት። አባዬ ቀና ብሎ መርከቡ መቼ ነው የሚነሳው ብሎ ጠየቀ፣ ሊያ ነገረችው፣ ወደ ሂተሩ ተመልሶ መታ፣ ጥቂት አዳመጠ፣ ማንኪያውን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠ።

«እሺ በያት» አለ። «መስኮት ያለውን ያዙልኝ።»

ቡክ አደረግን። ሂተሩም ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ጌታሁን ከሥራ ሲመጣ ሁለታችንም አንድ ላይ ስናወራለት ሳቀብን፣ በኋላ ግን ስቆ አልተወውም፣ ተቀምጦ በደግነት አስረዳኝ፣ ቧንቧው ሁልጊዜም ይንኳኳል፣ አባባ ናፍቀዋል፣ አንቺም ናፍቀሻል፣ የናፈቀ ጆሮ ደግሞ የሚፈልገውን ይሰማል አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ የሕንፃውን ጥገና ሠራተኛ አስጠራ፣ ሰውዬው ቁልፉን ፈታ አድርጎ አየሩን እስስስ አድርጎ አስወጣው፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሂተራችን ድምፅ የለውም። ሰውዬው ሲወጣ የሆነ ሰው እያወራ ስልክ የዘጋሁበት ያህል ነው የከበደኝ። አባዬን ግን አልከፋውም፣ ተነጋግረን ጨርሰናል እኮ አለኝ።

እንዲህ ሆኖ አባቴ ተመለሰልኝ። ክረምቱን ሙሉ ሲያወራ ከረመ፣ ለሊያ የመርከብ ገመድ አስተሳሰር በጫማ ማሰሪያ ያስተምራታል፣ የምፅዋን መንገዶች አንድ በአንድ ይነግራታል፣ እሷም ትጠይቀዋለች፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሁለቱን እየሰማሁ የረሳሁት ሰፈር ይመጣብኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ደስም ብሎኛል። ግን አንድ ነገር አለ። ሊያ ስለ ባሕሩ ጉዞ ስታወራ፣ የትኛው ቀን የት እንደምንደርስ፣ መርከቡ ወደ በረዶ ተራሮቹ ምን ያህል እንደሚጠጋ፣ ልጅ እንደነበርኩ እኔ እሱን እንደማዳምጠው ነው የሚያዳምጣት። ወደ ባቡሩና ወደ ሎጁ ስትደርስ ፈገግ ብሎ «እሱን እናንተ ታዩታላችሁ» ይላል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ በተነሳ ቁጥር።

ባለፈው ቅዳሜ ለጉዞው ኮት ልንገዛለት ሱቅ ወሰድኩት። ወፍራም ሰማያዊ አለበስኩት፣ መስተዋቱ ፊት ቆመ፣ በእርግጥም ባሕረኛ ይመስላል። ቀልድ ላድርገው ብዬ፣ ወይም ደግሞ ልፈትነው ብዬ፣ አላውቅም፣ ለሰኢድም ልግዛለት እንዴ አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«አይፈልግም» አለኝ፣ ወደ መስተዋቱ እያየ፣ አንገትጌውን እያስተካከለ። «ብርዱን ለምጄዋለሁ ብሎኛል።»

ሰኢድ እኮ ምፅዋ ላይ፣ በዚያ እሳት በሚመስል ሙቀት ውስጥ፣ ከባሕሩ ነፋስ ነፈስ ሲል ጋቢ አምጡልኝ የሚል ሰው ነበር፣ ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር። መጀመሪያ የታወሰኝ እሱ ነው። ከዚያ የት ሆኖ ለመደው ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ፣ ግን ሻጯ መጣች፣ ኮቱ ልክ ነው ወይ አለችኝ፣ ልክ ነው አልኳት፣ እሱንም ሳልጠይቀው ወጣን። ቤት እስክንደርስ ስለ አየሩ ነው ያወራነው።

መርከቡ በሚቀጥለው ወር ይነሳል። ሊያ ሻንጣዋን ከአሁኑ ሳሎን ውስጥ ከፍታዋለች። ለጌታሁን የኮቱን ነገር አልነገርኩትም። በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አባዬን ባሕሩ እንዳያስቀርብኝ ፈርቼ፣ ካንስል ላደርግ ስልኬን አንስቼ ነበር፣ የወኪሏን ቁጥር አውጥቼ፣ ጣቴ ላዩ ላይ ሆኖ፣ ሁለቱንም ጊዜ አባዬ ከክፍሉ ውስጥ ሲያፏጭ ሰማሁት፣ ሸሚዙን ራሱ እየቆለፈ ያፏጫል፣ ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።