ለዝገቱ አራት መቶ ዶላር

ለተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ! ከዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ዝገት ከብረቱ መወደዱ በይፋ ይታወቅ።

አዋጁን ይዘው የመጡት ወይዘሮ ፕሩዊት ናቸው። ከኮሎምበስ ከተማ ድረስ መኪና የነዱት፣ ከተዘጋው የወንበር ፋብሪካ የተረፈ የእጅ ጋሪ ገዝተው የሳሎን ጠረጴዛ ሊያደርጉት ነው። አራት የብረት ጎማ፣ ወፍራም ሳንቃ፣ ረጅም እጀታ። አራት መቶ ዶላር ሊከፍሉበት ከሻጯ ከጆሊን ጋር ተስማምተዋል።

አሁን ግን የጆሊን ግቢ መሃል ደርቀው ቀሩ። ጋሪው አረንጓዴ ሆኖ ያብለጨልጫል።

«ማነው የቀባው?» አሉ እንደ ለቅሶ ደራሽ።

«እኔ» አለች ዊኒ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ስትፈገፍግ ጥፍሯ አልቋል። ብሩሹንም ቀለሙንም የሰጣት አያቷ ኦርቪል ነው፤ «ሰው የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳል፤ በደንብ ፈግፍጊው» ብሎ።

«እኔኮ የፈለግኩት ዝገቱን ነው! እንዲህ ከሆነማ ከሱቅ አልገዛም? ሐሙስ ዕለት ደውዬ ‹አቧራውን እንኳ እንዳትነኩት› ብዬ ነበር!»

«ስልኩን ማን አነሳው?» አለች የዊኒ እናት ጆሊን።

ዊኒ አያቷን አየችው። ኦርቪል አንድም ደመና የሌለበትን ሰማይ አትኩሮ ይመረምራል። እጁ ግን የጋሪውን እጀታ ጨምድዶ ይዟል።

ያኔ ገባት። ኦርቪል ያንን ጋሪ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ገፍቶታል። ከበረዶው ወራት ወዲህ ደግሞ ባዶውን ተደግፎ እየገፋ እስከ መንገዱ ዳር ይሄዳል፤ እናቷ የገዛችለትን ከዘራ ከበሩ ጀርባ ወርውሮታል። ጋሪው ከሄደ እሱም ከወንበሩ አይነሳም።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች።

«ኧረ የሽማግሌ ድምፅ ነበር!» አሉ ወይዘሮ ፕሩዊት።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

ሴትዮዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጋሪውን አይተው፣ የመኪናቸውን በር ድው አድርገው ዘግተው ሄዱ። ኦርቪል ጋሪውን አዙሮ፣ ቀጥ ብሎ እየገፋ ከቤቱ ጀርባ ተሰወረ። ዊኒም ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

ጆሊን ወገቧን ይዛ ፊቷ ቆመች። «አትንኩት መባሉን በጆሮሽ ሰምተሽ ለምን ቀባሽው?»

«አልናገርም።»

«ዊኒ!»

«አልናገርም አልኩኮ፣ እማ።»