ውሃ የተከለከለው ዋርካ

«እሰሩኝ» አለች መሰረት፣ ኢንስፔክተር ሙሉካ ገና ከግቢው በር ሳያልፍ። «አጎቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሙሉካ ጃንጥላውን አጥፎ ጫማውን በረንዳው ጠርዝ ላይ ጠረገ። የገደብ ከተማ ልጅ ነው፤ ሲራመድም ሲናገርም ቀስ ነው፤ አለቆቹ በዚህ ጸባዩ ይቃጠላሉ። ዛሬም አዛዡ «ልጅቷን እስከ ስድስት ሰዓት ይዘሃት ና። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ ምኑ ይመረመራል?» ብሎታል።

ዲላም ብትሆን ፈርዳ ጨርሳለች። ጡረተኛው የእርሻ መምህር አቶ ወልደዮሐንስ እሑድ ከቀትር በኋላ በተኙበት ቀሩ፤ ሐኪሙ የከሰል ጭስ ነው አለ፤ ከሰሉን ያያያዘችው አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ መሰረት ናት፤ በቃ፣ አለቀ። የእኛ ከተማ ሰው ለመፍረድ ማን ብሎት።

«ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አላት ሙሉካ።

«ምሳ አበላኋቸው። የሳል መድኃኒታቸውን ዋጡና ተኙ፤ እሱን ከወሰዱ ቤቱ ቢፈርስ አይሰሙም። ምሳ የሠራሁበት ከሰል ገና ፍም ስለነበር ማንደጃውን እዚህ በረንዳው ላይ ትቼ በስምንት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አሥራ አንድ ተኩል ስመለስ ማንደጃው ክፍላቸው ውስጥ ነው። በሩም መስኮቱም ተዘግቷል።»

«ያስገባሽው አንቺ አይደለሽማ።»

«ባጠፋው ኖሮ ማንም አያስገባውም ነበር። ያን የሚሳሱለትን ትንሽ ዛፋቸውን ከብርድ ሊያሞቁ ነው ያስገቡት፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ክፍሉ ታሽጎ ነበር ያደረው። ሙሉካ ሲከፍተው የቀዘቀዘ አመድ ሸተተው። ዛፉ መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ በጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን ላይ ያደገ፣ ቁመቱ ከክንድ የማያልፍ ዋርካ። ቦንሳይ ይሉታል። አቶ ወልደዮሐንስ አሥራ ስምንት ዓመት በመቀስና በሽቦ እየገሩ ነው ያሳደጉት። ልጅ አልወለዱም፤ መሰረትንና ወንድሟን ሲላስን አሳደጉ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ይህን ዛፍ። አሁን ግማሽ ቅጠሉ ረግፎ የቀረውም ቢጫ ሆኗል። ባዶው አልጋ አጠገብ ሲያዩት ያስፈራል።

አፈሩ ላይ ቀጭን ስንጥር ተሰክታለች። ሙሉካ ነቅሎ አያት። ከላይ አንድ ጣት ያህል ረጥባለች፤ ከዚያ በታች እስከ ጫፏ ድረስ ደረቅ ናት።

«ይህን ማነው ውሃ ያጠጣው?»

«ማንም» አለች መሰረት ግራ ተጋብታ። «ሥሩ ስለበሰበሰ ውሃ ከተከለከለ ዐሥር ቀኑ ነው። በዚያች ስንጥር ነበር እርጥበቱን የሚለኩት። ትናንት ጠዋትም ቤት ውስጥ አየር አጣብኝ ብለው ራሳቸው በረንዳ አወጡት። እኔ ስሄድ እዚያው ነበር።»

«ዝናብ አልነካውም?»

«ዝናቡ የጀመረው ክፍሉ ከታሸገ በኋላ ነው።»

የጓሮውን ክፍል የተከራየው ቶሌራ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የነቀምት ልጅ። ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

«ሥሩን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ» አለ ሳይጠየቅ። «ጋሼ ሐዋሳ ሲታከሙ አደራ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ መንከባከብ መስሎኝ በየቀኑ ውሃ ሞላሁበት። ሲመለሱ "ልጄን አሰጠምክብኝ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በአጠገቡ ሳልፍ እጄን ኪሴ ነው የምከተው።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ክፍሌ ውስጥ ፈተና ሳርም። ብቻዬን። ይህ እንደማይጠቅመኝ አውቃለሁ።»

«አቶ ወልደዮሐንስን የሚያስጨንቃቸው ነገር ነበር?»

«የቡና ችግኝ። ግንዱን ሰንጥቀው በማጉያ መነጽር ሲያዩ ሰነበቱ። ሰኞ ለወረዳው አሳውቃለሁ አሉኝ። ሰኞ ማለት ዛሬ ነው።»

ሙሉካ ወደ ሟቹ ክፍል ተመልሶ የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ሳበ። ከነፕላስቲካቸው የተጠቀለሉ ሦስት ችግኞች አሉ፤ ለሁለት የተሰነጠቀው ግንዳቸው ውስጡ ጠቁሯል። ቡናን ከሥሩ የሚያደርቀው በሽታ ነው። ፕላስቲኩ ላይ የችግኝ ጣቢያው ስም ታትሟል። ሙሉካ አንብቦ መሳቢያውን ቀስ ብሎ ገፋው።

ሲላስ ሳሎን ውስጥ የእህቱን ትከሻ አቅፎ ተቀምጧል። ኢዲዶ በሚባለው የገጠር ቀበሌ የራሱን ችግኝ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል፤ መርዶ ሰምቶ ጠዋት በሞተር ነው የመጣው።

«እዚህ ቤት መጨረሻ የመጣኸው መቼ ነው?»

«ወር አልፎኛል። ሥራ አላላውስ አለኝ።»

«እህትህ አጥፍታለች ትላለህ?»

«ሆን ብላ አይደለም» አለ ሲላስ ጭንቅላቷን እየደባበሰ። «እግዚአብሔር ይቅር ይላታል።»

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሙሉካ ሦስቱንም ሰበሰበ። «አንድ ውለታ ዋሉልኝ» አለ። «ይህን ዛፍ ተራ በተራ እያነሣችሁ ቦታ ቀይሩልኝ።»

ቶሌራ ከክፍሉ አውጥቶ በረንዳው ላይ አኖረውና እጁን ኪሱ ከተተ። መሰረት ወደ መስኮቱ መልሳ ቦታው ላይ አስተካከለችው፤ ከዚያ ወዲያ አልነካችውም። ሲላስ መልሶ አወጣው። ጥላ ያለበት ጥግ መርጦ አስቀመጠ፣ አፈሩን በሁለት አውራ ጣቶቹ ጫን ጫን አደረገ፣ ከበርሜሉ በጣሳ ቀድቶ በመዳፉ ረጨው።

ሲላስ ቀና ሲል ሁሉም ጣሳውን እያዩት ነው።

«እናቴ ችግኝ ጣቢያ ሃያ ዓመት ሠርታለች» አለ ሙሉካ። «ቦታው የተለወጠ ችግኝ ወዲያው ይረጫል። ሠራተኛው አያስብበትም፤ እጁ ነው የሚያደርገው።»

«ልማድ ነው። ልማድ ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«አልሆነም። ስማኝ። በስምንት ሰዓት ዛፉም ከሰሉም በረንዳ ላይ ነበሩ። በአሥራ አንድ ተኩል ሁለቱም ውስጥ ናቸው። ሽማግሌው ዛፋቸውን ሲያሞቁ ሞቱ እንድንል፣ ያስገባቸው አንድ ሰው ነው። አፈሩ ከላይ ብቻ ረጥቧል፤ ስለዚህ ያ ሰው ሲያስገባው ውሃ ረጭቶታል። እሳቸው አይረጩትም፣ የከለከሉት እሳቸው ናቸው። እነዚህ ሁለቱም ክልከላውን ያውቃሉ። የማያውቀው ወር ሙሉ ቤቱን ያልረገጠ ሰው ነው። ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ።»

ሲላስ ጣሳውን መሬት አስቀመጠ።

«በሽታ እንዳለባቸው እያወቅክ ችግኞቹን ለኢዲዶ ገበሬ አከፋፈልክ። ሦስቱ በእሳቸው መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ የጣቢያህ ስም ፕላስቲኩ ላይ ነው።»

ሲላስ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። «ለወረዳው እንዳይናገሩብኝ ልለምናቸው ነበር የመጣሁት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስደውልላቸው ሰኞ አሳውቃለሁ ብለው ስልክ ዘጉብኝ። ወረዳው ከሰማ ጣቢያውን ሁሉ ነቅሎ ያቃጥላል፤ ገበሬውም አይምረኝም። ስደርስ ተኝተዋል። ፍሙ በረንዳው ላይ ነበር።»

መሰረት ፊቱ ቆመች። ጠዋት ገዳይ ነኝ ስትል ያቀፋት እጅ አሁን ጉልበቱ ላይ ተዘርግቷል።

«ሲላስ፣ እኔን ቢወስዱኝ ትናገር ነበር?»

ሲላስ መሬት መሬቱን አየ። ጠበቀችው፤ ሙሉካም ጠበቀላት፤ አዛዡ ስልክ ቢደውልም አላነሣም። በር ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡም ዞሮ አላያትም።

መሰረት ወደ አጎቷ ክፍል ገብታ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት ያለቀሰችው ሁሉ ለጥፋቷ ነበር። አሁን «ጋሼ» ብላ ጠራቻቸውና ለእሳቸው ማልቀስ ጀመረች።