የዊራባ ኮረብታ ወርቅ

የጃቤዝ ሬሳ በመሸታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ዊራባ ውስጥ የሰው አሟሟት የሚጣራው እዚያው ነው፤ ይህን ያህል ሰው የሚችል ሌላ ቤት የለም። ፈራጆቹ የከተማዋ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቆፋሪዎቹ ወደ ሩቅ ወርቅ ነቅለው ሲሄዱ ገበያ ጠፍቶባቸው የከረሙ፣ ባለፈው ሳምንት ኮረብታው ላይ ወርቅ ተገኘ ሲባል ነፍስ የዘሩ። ሟቹን ጠዋት ከጉድጓድ ሲያወጡት ሁሉም የጠረጠረው የቁፋሮ ባልደረባውን ፔንሮዝን ነበር።

«ትናንት ሲጣሉ ሰምቻለሁ» አለች የመሸታ ቤቱ ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት ዊኒፍሬድ።

«እኔ? እንደ ወንድሜ የማየውን?» አለ ፔንሮዝ።

«ታዲያ ምን ይጠበቃል? ይሰቀላ!» አለ የፈራጆቹ አለቃ፣ ባለወፍጮው ሪንቱል።

ፖሊሱ ሳጅን ከሊኸር ግን የሟቹን ጭብጥ ፈልቅቆ ያየውን አይቷል።

«ቀስ ይበሉ ጌታው። ገመዱን ከጉድጓዱ አፍ መዘውሩ ላይ ተጠቅልሎ ነው ያገኘነው። ጉድጓድ የወረደ ሰው ገመዱን ከላይ አይጠቀልልም። ሞቶ ነው የተጣለው።»

«ፔንሮዝ ነዋ የጣለው!»

«እጁ ውስጥ የነበረውን ይህን ወርቅ ይዳስሱልኝ። ውኃ ያመጣው ወርቅ ይለሰልሳል። ይሄ ይቧጭራል፤ በሞረድ የተፋቀ ነው። ጃቤዝ ኮረብታው ላይ የለቀመው ይህንኑ ነው። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ፣ ቀለበትዎ የት ሄደ? ጣትዎ ላይ ምልክቱ ገና አልጠፋም።»

«ልብስ ሳጥብ ወደቀብኝ።»

«ሞረዱን ጋጣዎ ውስጥ አገኘሁት፤ ጥርሱ መሃል ወርቅ አለ። አዲሱን ገለባ ስገልጠው ደግሞ ደም።»

ዊኒፍሬድ ባዶ ጣቷን በሽርጧ ሸፈነች።

«ቀለበቴን በሞረድ ፍቄ ኮረብታው ላይ እንደበተንኩ ደረሰበት፤ ለቆፋሪዎቹ እናገራለሁ አለኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ከተማው ከጠፋ አራት ልጆች ይዤ የት እገባለሁ? ዞር ሲልልኝ በመዶሻ መታሁት። በጋሪ ወስጄ ጣልኩት።»

ለሚሰማት ታሳዝናለች። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ፈራጆቹ ተንሾካሾኩና ሪንቱል ተነሣ።

«ፍርዳችን፦ ጃቤዝ አዳልጦት ወደቀ። ፔንሮዝ ነጻ ነው፤ አፉን ይዝጋ።»

«ሴትዮዋ አመነች እኮ!» አለ ሳጅኑ።

«እኛ የሰማነው የለም። ቆፋሪዎቹም አይሰሙም።»

ፔንሮዝ የጓደኛውን ፊት በኮቱ ሸፈነ። ከዚያ መስኮቱን በርግዶ ውጭ ለተኮለኮሉት ቆፋሪዎች ጮኸ።

«ሰዎች፣ ኮረብታው ባዶ ነው! ስትለቅሙ የሰነበታችሁት የዊኒፍሬድ ቀለበት ፍቅፋቂ ነው!»

ድንኳኖቹ ወዲያው መፍረስ ጀመሩ። ሪንቱል መስኮቱ ላይ ቆሞ ጋሪዎቹ በወፍጮ ቤቱ በኩል ሲያልፉ አየ። የመጨረሻው ከዓይኑ ሲሰወር ወደ ሳጅኑ ዞረ።

«ፍርዱን እናርመው» አለ። «ገዳይዋ እሷ ናት።»