የዶክተሩን እጅ ጽሕፈት ያነበበው

ካርድ ክፍሉ ባዶ ነበር።

አሥራ አንድ ሺህ የሕክምና ካርድ የነበረባቸው መደርደሪያዎች ላይ የቀረው አቧራ ብቻ ነው። ቁልፉ አልተሰበረም። መስኮቱም አልተነካም። መርማሪዋ ዘበኛውን ዞር ብላ አየችው።

«ክሊኒኩ ከተዘጋ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ካርዶቹስ መቼ ወጡ?»

«እኔ የምጠብቀው ግቢ ነው፤ ወረቀት አይደለም» አለ ዘበኛው፣ ዓይኑን እያሸሸ።

እዚህ ያመጣት የልብስ ሰፊዋ አቤቱታ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ልብስ ሰፊዋ የሴት ልጇን የወደፊት አማት ለሠርግ ቀሚስ እየለካች ሳለ ስልኳ ጠራ። እጇ ሜትር ይዞ ስለነበር ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጭራሮ ነዎት?» አለ አንድ ወጣት ድምፅ። «በልጅነትዎ ለነበረብዎት የሚጥል በሽታ አዲስ መድኃኒት አምጥተናል።»

አማቲቱ ሜትሩን ከወገቧ ፈታች፤ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሠርጉ ትንፍሽ ያለ የለም።

«ጭራሮ የሚልሽ ማን ነበር?» ብላ ጠይቃት ነበር መርማሪዋ።

«ካርድ አውጪዋ እትዬ ብቻ። ስሜ ከሌላ ልጅ ስም ጋር አንድ ስለነበር፣ እንዳንምታታ ካርዴ ላይ በእርሳስ ጽፈውት ነበር። ቀጭን ነበርኩ።» ልብስ ሰፊዋ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። «ገና ከበሩ ስደርስ ‹መጣሽ ጭራሮ?› ይሉኝ ነበር። ደግ ጊዜ ነበር። ገመናችንን የሚያውቁት ሦስት አራት ሰዎች ነበሩ፤ እኛም እነሱን እናውቃቸዋለን።»

መርማሪዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው ዘበኛውን ነው። ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለሱቅ ለውዝ የሚጠቀልለው የክሊኒኩ ማኅተም ባለበት ወረቀት ነበር።

«ከዘበኛው ነው የገዛሁት» አለ ባለሱቁ ሳያቅማማ።

ወረቀቱ ሲገላበጥ ግን ያልተጻፈበት የመድኃኒት ማዘዣ ሆኖ ተገኘ። የማንም ስም የለበትም።

ቀጥላ ካርድ አውጪዋ ቤት ሄደች። አልጋው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ካርድ አገኘች።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አሮጊቷ አልደነገጡም። «የሞቱት ናቸው፣ ልጄ። የሚጠይቃቸው የለም ብዬ ይዣቸው መጣሁ። በሕይወት ያሉትንማ እዚያው መደርደሪያው ላይ በአደራ ትቼ ነው የወጣሁት።»

መርማሪዋ ከላይ ያለውን ካርድ ገለጠች። ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረው ይመስላል።

«ነፍሳቸውን ይማርና የዶክተሩ እጅ ነው» አሉ አሮጊቷ። «ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ አንድ መስመር አንብቤላቸው አላውቅም።»

መርማሪዋ ካርዱን አገላበጠችው። «ይሄ ካርድ የማን ነው?»

«የባለቤቴ።»

«ላንድ ቀን ያውሱኛል?»

«ውሰጂው። ፈቅጃለሁ።»

በማግስቱ የክሊኒኩ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች፤ እንዲህ ያለ ስልክ የተደወለለት ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ የሚል። አምስት ስድስት ሰው ጠብቃ አርባ ሦስት መጣ። ሁሉም በእሱ ብቻ የደረሰ መስሎት አፍሮ ዝም ያለ ነው። በልጅነታቸው እናታቸው ጉያ ሥር ሆነው ተራ የጠበቁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። «እዚህ ጋ ነበር የማለቅሰው» አለ አንድ ጢማም ሰውዬ፤ ሁሉም ሳቁ።

የክሊኒኩ ቁስል አጣቢ የነበረው ድሬሰሩም ከረባቱን አስሮ መጣ። ያን ሁሉ ሰው በመርፌ የወጋው እሱ ነው፤ ስለዚህ ሲገባ ሁሉም ተነሡለት። መጨረሻ ላይ አማቲቱ ገብታ ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ለእኔም ተደውሎልኛል» አለች በሹክሹክታ። «ያን ቀን ባንቺ ፊት የእኔም ገመና እንዳይነሣ ፈርቼ ነው የሸሸሁት።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻት።

«እኔንማ የምውጠውን ክኒን መጠን ሳይቀር ነገሩኝ» አለ ጢማሙ።

መርማሪዋ ካርዱን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ይሄን የሚያነብልኝ አለ?»

ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከመጡት መካከል የነበረ ፋርማሲስት እንኳ ራሱን ነቀነቀ። ድሬሰሩ መታገሥ አልቻለም፤ መነጽሩን አድርጎ ተቀበለና ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፍ እንደ ውኃ አነበበው።

«ከእርስዎ ሌላ ይሄን የሚያነብ ይኖራል?»

«ዶክተሩ ካረፉ ወዲህ? ማንም!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«እንግዲያው ለደዋዮቹ ማን አነበበላቸው?»

ሁሉም ወደ ድሬሰሩ ዞሩ። በሩ ጋ የቆመው ዘበኛ ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ትዝታዬን ልይ› ብለው መጡ፤ ከፈትኩላቸው። ማታ ሳጥን ጭነው ሲወጡም ዝም አልኩ። ድሬሰሩን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?»

ድሬሰሩ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ።

«ክሊኒኩ ሲዘጋ ደህና አደርክ የሚለኝ ጠፋ» አለ ቀስ ብሎ። «የሚደውልላችሁ የመድኃኒት ኩባንያ ሰዎች ጠረጴዛ ሰጡኝ፤ ስሜን በር ላይ ጻፉልኝ። ‹ያለ እርስዎ አንችልም› አሉኝ። ለምርምር ነው ብለውኝ ነበር።»

«አመኗቸው?»

«መጀመሪያ አመንኩ። እንደሚደውሉ ከሰማሁ በኋላ ግን... ጠረጴዛውን መልቀቅ አቃተኝ።»

«እኛ እኮ አምነን ክንዳችንን ሰጥተንዎት ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ድሬሰሩ ከረባቱን ፈታ።

ኩባንያው በየግሉ አቤት ላለ ሁሉ የሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል።» አርባ ሦስቱ ግን ቤት ለቤት ዞረው ሦስት መቶ ሆኑ፤ ባንድ ወረቀት ፈርመው ባንድ ጠበቃ ቆሙ። በአምስተኛው ወር ፍርድ ቤቱ ካርዶቹ እንዲመለሱ፣ ቅጂውም ሰዎቹ ራሳቸው በመረጡት ባለሙያ ፊት እንዲጠፋ አዘዘ። ድሬሰሩ ታሰረ።

ካርዶቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ሰዎቹ ማኅበር አቋቋሙ። ባለቤቱ ካልፈቀደ አንድም ካርድ ከመደርደሪያ እንዳይወርድ ወሰኑ። አንዳንዱ የራሱን ወስዶ አቃጠለ። አንዳንዱ በቁጥር የተጻፈውን የልጅነት ክብደቱን እያነበበ ሲስቅ ዋለ። ጠባቂ ሆነው የተመረጡት እትዬ ናቸው።

አንድ ቀን የድሬሰሩ ሚስት መጣች። የእስር ቤቱ ሐኪም የባሏን የቆየ ካርድ ጠይቆ ነበር፤ ባሏ የፈረመበት የፈቃድ ደብዳቤም ይዛለች።

«የእኛን ገመና ያዞረው ሰውዬ!» አለ ጢማሙ። «እስቲ እሱም ይቅመሰው። እዚሁ ገልጠን እናንብበው!»

እትዬ ደብዳቤውን አይተው ወደ መደርደሪያው ሄዱ፤ ካርዱን አወጡ፤ ሳይገልጡ ፖስታ ውስጥ ከትተው አሸጉት።

«የእሱም የእሱ ነው» አሉ፣ ለሴትዮዋ በሁለት እጃቸው እየሰጡ።