ከአንድ ትሪ

ትርንጎ ምሳ የምታቀርበው ሁልጊዜ የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ ጨርቁን አጣጥፋ፣ ወለሉ ላይ የረገፈውን ክር አንድ በአንድ ከለቀመች በኋላ ነው። ክር ምግብ ውስጥ ሲገባ አትወድም። ከዚያ መጋረጃውን እስከ ግማሽ ትስበዋለች፤ የደብረ ብርሃን ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ወጡን ቶሎ ያበርድባታል። ሰፊውን ትሪ አጭሯ ጠረጴዛ ላይ ታኖርና ከሱቅ የመጣውን እንጀራ ዘርግታ ሽሮውን መሃል፣ ጎመኑንና ድንቹን ዳር ዳሩን ታደርጋለች። እሷ በበሩ በኩል ትቀመጣለች፤ ልጇ ረድኤት ፊት ለፊቷ፣ ጀርባዋን ወደ ጓዳ ለሚያስገባው ጠባብ ኮሪደር ሰጥታ። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚህ ትሪ ዙሪያ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የልጅቷ አለመብላት የጀመረው በጾም ነበር። በዐቢይ ጾም ረድኤት እህል ውሃ ሳትል እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ጀመረች። ትርንጎ ደስ አላት፤ ደስታዋን ደግሞ ሆዷ ውስጥ ማሳደር የማትችል ሴት ናትና ዩኒፎርም ሊያሰፋ ለሚመጣው ሁሉ "የኔ ልጅ እኮ ባሕታዊ ሆናለች" እያለች አዳረሰችው። ዘጠኝ ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ ሄደ፣ አሥራ አንዱ ወደ ማታ። ፋሲካ ገባ፤ ዶሮው ተሠራ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ረድኤት ግን ዕንቁላሏን በጣቷ ገፋ አድርጋ "ትንሽ ሆዴን ቆረጠኝ" አለች። ከዚያ በኋላ ሆዷን ያልቆረጣት ቀን አልነበረም። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ጠዋት ሰልፍ ላይ እንደቆመች ወደቀች፤ ያነሷት ልጆች ምንም ስላልከበደቻቸው ደንግጠው ነበር።

ሆስፒታል ያየቻቸው የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሲስተር መቅደላዊት ነበረች፤ ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ትናገራለች፣ ስትናገር ወረቀት ሳይሆን ሰው ታያለች። የረድኤትን እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ ክንዷ ላይ የበቀለውን ስስ ጸጉር ለእናትየው አሳየቻት።

"ሰውነቷ ብርዱን መቋቋም ሲያቅተው ያበቀለው ነው" አለች። "ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይሄ ጾም አይደለም። ቅብጠትም አይደለም። ሕመም ነው። እንደሷ መብላት የሚያስፈራቸው አሉ። በልተው በልተው ተደብቀው የሚያስመልሱ አሉ። ማቆም አቅቷቸው እስኪያማቸው የሚበሉም አሉ። መልኩ ይለያያል እንጂ ሁሉም ውስጥ ፍርሃትና ኀፍረት አለ።"

"ይድናል?" አለች ትርንጎ።

"ይድናል። ግን ቀስ ብሎ ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ትብላ። አያስገድዷት፣ አይቆጧት፣ አጠገቧ ይቀመጡ። ደግሞ የራሷን ሳህን ይስጧት፤ የበላችውን ማወቅ አለብን። ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን እንደበላ አይታወቅም። ትሪውን ሳይሆን እሷን ይዩ።"

ረድኤት ቀና ብላ "እሞክራለሁ፣ ሲስተር" አለች። መዳን ፈልጋ ነበር፤ ይህን ከዓይኗ ማንም ሰው ሊያነበው ይችል ነበር።

በባጃጅ ሲመለሱ ግን ትርንጎ በሆዷ ትብሰለሰል ነበር። በሳህን! በገዛ ቤቷ፣ ያውም አንድ ልጇን! ትንሽ ልጅ ሳለች አክስቷን ሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሳህንና ኩባያዋ ሲለይ አይታለች፤ ሴትዮዋን ከሳሉ ይልቅ ያስለቀሳት ያ ሳህን ነበር። ሲስተር መቅደላዊት ጥሩ ልጅ ናት፣ የተማረች ናት፣ ይህን ግን አታውቅም። በማግስቱ ትርንጎ ክሯን ለቀመች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ እንደ ወትሮው ትሪውን አቀረበች። ረድኤት ትሪውን አየች፣ እናቷን አየች።

"እማዬ፣ እየበላሁ አትዪኝ እሺ" አለች ብቻ።

ትርንጎ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ውጭ ንፋሱ የጎረቤቱን ቆርቆሮ እያንኳኳ ነው። ፊቷን ስትመልስ በረድኤት በኩል ያለው እንጀራ ተጠርጎ ተበልቷል፤ ጎመኑ የለም፣ ሽሮውም ተጋምሷል። ትርንጎ እጇን ወደ ጣሪያው ዘርግታ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ረድኤት በእሷ በኩል ባዶ የሆነውን ትሪ ትክ ብላ ታይ ነበር፤ ሁለቱም እጆቿ ጭኗ መሃል እንደተቆለፉ ናቸው፣ ጣቶቿም ደረቅ ነበሩ። እናትየው ያፈረች መሰላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሳው እንዲሁ ሆነ። ትርንጎ እንጀራ ጨመረች፣ ወጡን አበዛች፣ ዘይት ሳትሰስት አፈሰሰችበት፤ በልጇ በኩል ያለው ሁሉ እየጸዳ ይነሳል። ሆስፒታል ሄደው ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን ረድኤት ከበፊቱ ቀንሳ ነበር። ሲስተር መቅደላዊት ሚዛኑን አስተካክላ ደግማ መዘነቻት።

"በሳህን ነው አይደል የምትበላው?"

"በሳህን ነው" አለች ትርንጎ፣ ቶሎ ብላ።

ረድኤት ዞራ እናቷን አየቻት። አላጋለጠቻትም።

ትርንጎ ድምፁን መስማት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኗን መስኮቱ ላይ አድርጋ ልጇ ስታኝክ ማዳመጥ ወዳ ነበር፤ ዘገም ያለ፣ እርጥብ፣ የጠገበ ሰው የማያኝከው ዓይነት ማኘክ ነው፣ በመሃል በመሃል በአፍንጫ የሚሳብ ትንፋሽ አለው፣ ጣት የሚላስበት ጊዜም አለው። አንድ ቀን ረድኤት ውሃ እየጠጣች ሳለ ይኸው ማኘክ ሳያቋርጥ ቀጠለ። ትርንጎ የብርጭቆው ጠርዝ ከልጇ ጥርስ ጋር ሲጋጭ ሰማች፣ ውሃው በጉሮሮዋ ሲወርድ ሰማች፣ ከዚያ ሁሉ በታች ደግሞ ያ ድምፅ፣ ከኮሪደሩ ጨለማ በኩል፣ ያኝካል። ዞራ ግን አላየችም። ካየች የሚያቆም መሰላት።

ሽታም ነበረ፤ ወጥ ተረስቶበት ለብዙ ቀን ተከድኖ የቆየ ድስት ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣው ዓይነት። ከምሳ በፊት ከኮሪደሩ ቀስ እያለ ይወጣና ትሪው ሲነሳ አብሮ ይመለሳል። ኮሪደሩን በበረኪና አጠበችው፣ ጓዳውን ገልብጣ አየች፣ የሞተ አይጥ እንኳ አጣች። ደግሞ ኮሪደሩ እንደ በፊቱ አይደለም። ድሮ ከሶፋው ላይ ሆና የጓዳውን በር እጀታ ታይ ነበር፤ አሁን በጠራራ ፀሐይ ከረድኤት ትከሻ ኋላ የሚታያት ጥቁረት ብቻ ነው፣ እሱም በየቀኑ ወደ ወንበሩ ቀረብ ይላል። አምፖል ቀየረች፤ ለውጥ አላመጣም። የራሷ ዓይን የደከመ መሰላትና ለመነጽር ልትሄድ አሰበች።

አንድ ቀን የሚሰፋው በዝቶባት ምሳው ዘግይቶ፣ ሊመሽ ሲል ቀረበ። ገና አንድ ሁለቴ እንደቆረሰች መብራት ጠፋ። ትርንጎ ሻማ ለኩሳ በትሪው ጠርዝ በኩል አቆመችው፤ ያን ጊዜ አየችው። ረድኤት ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ከትከሻዋ በላይ ሌላ እጅ ወጥቶ፣ ብርሃኑ ዳር ላይ፣ ሳይቸኩል እንጀራ ይቆርሳል።

መጮህ ነበረባት። የማንም እናት ትጮህ ነበር። ትርንጎ ግን ያንን እጅ አወቀችው። ጣቶቹ ሥር የሚሰረጉድ፣ አንጓው ላይ ሥጋ ያለው፣ ሞላ ያለ እጅ ነው፤ ከጾሙ በፊት የነበረው የረድኤት እጅ። ስንት ጊዜ አጥባዋለች፣ መንገድ ስታሻግራት ይዛዋለች፣ ስትተኛ ስማዋለች። አሁን ጭኗ ላይ ካሉት ቀጫጭን እንጨቶች ይልቅ ያኛው የልጇ እጅ ነበር። እንባዋ መጣ። ሳታስበው ከራሷ በኩል ጎመን በእንጀራ ጠቅልላ፣ ወደ እጁ ጠጋ አድርጋ አስቀመጠችለት። እጁ አነሳው።

"እማዬ" አለች ረድኤት ዓይኗን ሳትገልጥ። "ለማን ነው የምትሰጪው?"

"ላንቺ ነዋ፣ የኔ እናት።"

"እኔ አልበላሁም። አንድም ቀን አልበላሁም፤ ልሞክር እጄን ስዘረጋ ያቺ ቀድማኝ ትጨርሰዋለች። አንቺ ደግሞ ታመሰግኛለሽ።" ዓይኗን ገለጠች። "በሳህን ስጪኝ እማዬ። ሲስተር ያለችውን እናድርግ። ትንሽ ብቻ፣ አንድ ድንችም ቢሆን። ለብቻዬ ከሆነ የምችል ይመስለኛል። እንዳልሞት ፈራሁ።"

ትርንጎ ሻማውን አየች፣ የተበላውን ትሪ አየች። የተበላ ትሪ እንዴት ደስ ይላል!

"ነገ" አለቻት። "ነገ በሳህን አደርግልሻለሁ፣ ዓይኔ።"

በነጋታው ረድኤት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። አልጋዋ ጓዳው ውስጥ ነው፤ ትርንጎ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ሸፈነቻት፣ እግሯን አሸችላት፣ "ተኚ፣ እኔ አመጣልሻለሁ" አለቻት። ሳህን ለማውጣት ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ነጭ፣ ጠርዙ ወርቃማ፣ ለእንግዳ የሚወጣ ሳህን ነበር። በእጇ ይዛው ትንሽ ቆመች። ከሳሎን ያ ሽታ መጣ፤ ወንበሩ ሲጎተትም ሰማች። ሳህኑን መለሰችውና ትሪውን አነሳች።

ስትገባ ረድኤት በቦታዋ ተቀምጣለች። ጉንጯ ሞልቷል፤ ሰማያዊው ሹራብ በትከሻዋ ልክ ሆኗል፣ ጸጉሯ እንደ ድሮው ወፍራም ነው። ፊቷን ወደ ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ አታዞርም እንጂ ሌላ የሚነቀፍ ነገር የላትም። ትርንጎ እንዴት እንደተነሳች አልጠየቀችም። ትሪውን አስቀመጠች፤ ዛሬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አላዞረችም፣ ማንም አታዪኝ አላላትም። ልጇ ስትበላ ቁጭ ብላ ጠግባ አየች። የተሰፋላትን ልብስ ልትወስድ የመጣች ጎረቤት እንኳ ከደጃፉ አንገቷን አስግጋ "ውይ እልል በይ! ረድኤትዬ እንዴት አማረባት!" ብላ ሄደች።

ስልኩ ጮኸ። ሲስተር መቅደላዊት ናት።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ ረድኤት ባለፈው የሰጠችው የደም ምርመራ ውጤት ደረሰ። ልቧን ያሰጋል፣ የሐሙሱን ቀጠሮ መጠበቅ የለብንም። እዚሁ ተኝታ በኛ ክትትል ቀስ ብላ መብላት ትጀምር። አንድ አልጋ ይዤላታለሁ፤ አምቡላንስ አሁን ልልክ?"

ትርንጎ ወደ ትሪው አየች። "እየበላች ነው እኮ ሲስተር። ይኸው ፊቴ እየበላች ነው።"

"ምን ያህል? እባክዎ፣ እሷን ያገናኙኝ።"

ሞላ ያለው እጅ በትሪው ላይ ተዘረጋ። ትርንጎ ስልኩን ስትሰጥ ጣቶቹ ነኳት፤ ከቅዝቃዜያቸው የተነሳ ክንዷ እስከ ክርኗ ደነዘዘ።

"አለሁ፣ ሲስተር" አለ የረድኤት ድምፅ፣ አፉ ምግብ እንደሞላ። "እየበላሁ ነው። በጣም እየበላሁ ነው።"

ከስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ሲስተር መቅደላዊት ልታለቅስም ልትስቅም የፈለገች ትመስላለች። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከድምፅሽ ያስታውቃል። እንግዲያው አልጋውን እዚህ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለምትጠብቀው ሌላ ልጅ እሰጣለሁ። ሐሙስ እጠብቃችኋለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ትርንጎ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ፣ ትልቅ ጉርሻ አድርጋ፣ እጇን ዘረጋች። ያኔ ከጓዳው፣ ከሁለቱ ብርድ ልብስ ሥር፣ ከትንፋሽ የማይበልጥ ድምፅ መጣ።

"እማዬ... ራበኝ።"

ከፋሲካ ጀምሮ ተንበርክካ ስትለምነው የኖረችው ይህንኑ አንድ ቃል ነበር። እጇ አየር ላይ ቀረ፤ እንባዋ ጉንጯን አልፎ አገጯ ላይ ደረሰ። ፊት ለፊቷ አፉ ተከፍቶ ይጠብቃል፤ ውስጡ ጥርስ አልታያትም፣ ከኮሪደሩ የመጣው ጥቁረት ብቻ። ትርንጎ እያለቀሰች ጉርሻውን አጎረሰችው፤ ከዚያ ተነሳችና የተኛ ልጅ እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ እናት እንደምታደርገው የጓዳውን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው።